ኮሎኔል ሮቢንሰን ፓይለት ነበር ወይስ መካኒክ? የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ክርክር

ሰሞኑን በደሴና ኮምቦልቻ ልጆች የውይይት መድረክ ላይ አንድ ክር (የውይይት ርዕስ) ከፍቼ ነበር። ሳላስበው ረዘመ። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ጫፉ ጠፋን እያሉ ሲጠይቁኝ ጊዜ፣ ማን ምን እንዳለ ከላይ እስከ ታች በራሴ አነጋገር ላውጋችሁ ብዬ ተነሳሁ። የማንንም ስም አልጠራም።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ያነሳሁት ሰው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ፍሎሪዳ ተወልዶ ሚሲሲፒ ውስጥ ገልፍፖርት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አደገ። አላባማ ውስጥ ቱስኪጊ የሚባል የጥቁሮች ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው የመኪና ጥገና ነው። ቺካጎ ሄዶ እንጀራ የበላውም በመካኒክነቱ ነው። እዚያ የነበረው የበረራ ትምህርት ቤት ጥቁር አልቀበልም ሲለው፣ በዚያው ግቢ ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። መጥረጊያውን ይዞ ክፍል ውስጥ እየቆመ፣ የሚሰማውን እየሰማ ተማረ። ኋላ ተማሪ አድርገው ተቀበሉት። ጥቁሮች እንደልባቸው የሚያርፉበት ሜዳ ስላልነበረ፣ እሱና ጓደኞቹ ከቺካጎ ወጣ ብላ በምትገኘው ሮቢንስ የራሳቸውን የአውሮፕላን ማረፊያ ሠሩ።

ከዚያ የኛ ታሪክ ይጀምራል። በ1927 ዓ.ም ጣልያን ለወረራ ሲዘጋጅ ሮቢንሰን ኢትዮጵያ መጣ። ኮሎኔል ተባለና የአየር ኃይሉን መራ። ወረራው ሲጠናቀቅ አገሩ ተመለሰ። ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1936 ዳግመኛ መጣ፤ በዚያው ቀረ። መጋቢት 4 ቀን 1946 ለሕመምተኛ የሚሆን ደም ለማድረስ በትንሽ አውሮፕላን ሲበር ተከሰከሰ። መጋቢት 18 ቀን አረፈ። አዲስ አበባ ተቀበረ።

እንግዲህ ያልኩት ይህን ነው። እኛ የምናወራው ስለ ፓይለቱ ብቻ ነው። እጁ ግሪስ የነካው መካኒክ ተረስቷል። ደሴና ኮምቦልቻ ሞተር ሲያወርዱ ውለው ማታ እጃቸውን በኦሞ የሚያሹ ስንት ልጆች አሉ። ለእነሱ ቅርብ የሆነው የሰውየው ሕይወት ተደብቆባቸዋል። ተሳስቻለሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

1.

መጀመሪያ የመለሱልኝ ደሴ ሆጤ አካባቢ የሚኖሩ፣ ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ ጋሼ ናቸው። አመስግነው ገቡ። ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን ብለው ደሴን አስታወሱን። በ1928 ንጉሡ የጦር ሰፈራቸውን ያደረጉት ደሴ ነው። ኅዳር 26 ቀን የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሡ ራሳቸው መሣሪያ ላይ ሆነው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚታዩበት ፎቶ የደሴ ፎቶ ነው። ጋሼ እንደሚሉት፣ የሮቢንሰን ሥራ በአዲስ አበባና በጦር ግንባሩ መሃል መመላለስ ስለነበር፣ ያለ ደሴ የሱን ታሪክ መናገር አይቻልም።

2.

አንድ የፒያሳ ልጅ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲማር የሰውየውን ስም አንዴም እንዳልሰማ ጻፈ። ተናዷል። ለመሆኑ ስንት የጣልያን አውሮፕላን ጣለ ብሎ ጠየቀ።

3.

ሌላው ቀበል አድርጎ፣ ብዙ መጣሉንና ጣልያኖች ስሙን ሲሰሙ ይሸሹ እንደነበር ጻፈ። ልቡ ሞቅ ብሎታል። ብዙ ሰው ወደደለት።

4.

ይህን ያረሙት አሁን ኮምቦልቻ የሚኖሩ፣ ደብረ ዘይት በአየር ኃይል ቴክኒሽያንነት አገልግለው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ለኔ ከክሩ ሁሉ ትልቁ መልስ ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አባት በትሕትና ጀመሩ፤ የቁጥር 3ን ልጅ አገር ወዳድነት አመስግነው። ከዚያ ግን እውነቱን አስቀመጡ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች ሁለት ደርዘን ቢሆኑ ነው። አብዛኞቹ መሣሪያ የላቸውም። ፖቴዝ የሚባሉት ባለ ድርብ ክንፎቹ የፈረንሳይ አውሮፕላኖች ይበዙ ነበር። ጣልያን በመቶዎች ይዞ መጥቷል። ስለዚህ ሥራቸው የአየር ላይ ውጊያ አልነበረም። ደብዳቤ፣ መድኃኒት፣ መኮንን ማመላለስ ነው። ሮቢንሰንም መስከረም 22 ቀን 1928 ጣልያን አድዋን ሲደበድብ እዚያው የነበረው መልእክት ይዞ ሄዶ ነው።

ቀጥሎ ወደ ሙያው ገቡ። የዚያ ዘመን ክንፍ በጨርቅ የተለበጠ ነው። ጥይት ሲበሳው ጨርቅ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ በላዩ ቫርኒሽ የሚመስል ቅብ ይቀባል። ቅቡ ሲደርቅ ጨርቁን ወጥሮ እንደ ከበሮ ቆዳ ያደርገዋል። በደንብ ካልተወጠረ በረራ ላይ ይቀደዳል። ሞተሩም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበት ያጣል፤ ነዳጁም ካልተመጠነ ካንዴላው ይጠቁራል። መለዋወጫ የለም። አንዱን ለማስነሳት ሌላውን መፍታት ነው። በዚህ ሁኔታ ያሉትን ጥቂት አውሮፕላኖች ለወራት ማብረር የፓይለት ሥራ ብቻ አይደለም አሉ።

መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን፣ ሰማዩን ጠላት በያዘበት ሰዓት፣ ራስህ የጠገንከውን ሞተር አምነህ መውጣት። አባት ሲጨርሱ እንዲህ ያለው ጀግንነት አውሮፕላን ከመጣል ያንሳል ወይ ብለው የቁጥር 3ን ልጅ ጠየቁት። ልጁ አልመለሰም፤ ጽሑፋቸውን ግን ወደደ።

5.

አንድ ኮምቦልቻ የምትሠራ ነርስ ስለ ደሙ ጻፈች። እኛ ሁላችን ስለ ሞተር ስናወራ እሷ ስለተጫነው ነገር አሰበች። ደም ከማቀዝቀዣ ከወጣ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። በዚያ ዘመን መንገዱ እንዳሁኑ አይደለም። ስለዚህ አውሮፕላኑ የግድ ነበር። አብሮት የነበረው ሰው ጣልያናዊ መሐንዲስ መሆኑንም ጨመረች። እሱም ሞቷል። ጣልያንን ሊወጋ ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ ከጣልያናዊ ጋር ሆኖ የሰው ሕይወት ለማትረፍ ሲበር ሞተ። ደጋግሜ አነበብኩት።

6.

አንዱ ሮቢንሰን የኢትዮጵያ አየር መንገድ መሥራች ነው፤ ይህን ለምን ታፍናላችሁ አለ። አፈናውን ማን እንደሚያካሂድ አልነገረንም።

7.

መልሱ ቶሎ መጣ፤ ጠንከር ያለም ነበር። የጻፈው በሒሳብ ሙያ የሚሠራ የሸዋ በር ልጅ ነው። አየር መንገዱ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ሲሆን፣ መንግሥት የተዋዋለው ቲ ደብሊው ኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ነው። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ወደ ካይሮ ተደረገ። ሮቢንሰን ከዚያ ቀደም ብሎ መጥቶ ወጣቶችን ሲያሠለጥን እንደነበር አይክድም። ግን ለአንድ ሰው የሌላውን ሥራ ደራርቦ መስጠት ማክበር አይደለም ይላል። ያልሠራውን ስንጨምርለት የሠራውም ይጠረጠራል።

አነጋገሩ ትንሽ ሻካራ ነበር፤ በነገሩ ግን ከሱ ጋር ነኝ።

8.

እዚህ ላይ ነገሩ ጋለ። አንድ ወንድም፣ ለምን ሁልጊዜ ከውጭ የመጣ ሰው እናነግሣለን ብሎ ገባ። አስፋው አሊን ማን ያውቃል? ሚሽካ ባቢቼፍን ማን ያውቃል? ሮቢንሰን ከመምጣቱ በፊት እዚህ አገር የበረሩ የኢትዮጵያ ፓይለቶች ናቸው። አሜሪካዊ ስለሆነ ብቻ አጨበጨብንለት ብሎ ከሰሰን። እኔንም ሳይቀር በስም ጠርቶ ወረፈኝ።

9.

የመለሰችለት ደሴ ተወልዳ አዲስ አበባ የምትኖር ሴት ናት። ወንድሜ አብሽር ብላ ጀመረች። አስፋው አሊ ይነሳ፣ ይገባዋል አለች። ባቢቼፍ ግን ራሱ የስደተኛ ልጅ ነው። አባቱ ከሩስያ መጥተው ኢትዮጵያ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት። የኛና የውጭ የሚባለው አጥር እዚያው ቤት ውስጥ ፈርሷል።

ሁለተኛው ነጥቧ ወሎዬውን ሁሉ አስነሳ። ሮቢንሰንን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ማን ሆነና? አሜሪካ ሕክምና ይማር የነበረው መላኩ በያን ነው። መላኩ ደግሞ ወሎ ተወልዶ ሐረር ያደገ ሰው ነው። ከወረራው በኋላ ኒው ዮርክ ሆኖ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋመ፣ ለአገሩ ሲለፋ እዚያው በሰው አገር የሞተ ነው። አንዱ ከዚያ መጥቶ እዚህ አለቀ፤ አንዱ ከዚህ ሄዶ እዚያ አለቀ። ሁለቱንም አብረን ብናነሳ ማን ይጎዳል አለች።

የቁጥር 8 ወንድም ረድኤት ይስጥሽ ብሎ መለሰላት። ከዚህ በኋላ ሲጽፍ ድምፁ ረገብ አለ።

10.

አንድ የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ስለ «ፀሐይ» አነሳ። በ1928 ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራችው አውሮፕላን ማለቱ ነው። የሠራት ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ነው። ስሟ በልዕልት ፀሐይ ተሰየመ። ጣልያን ወስዶ ሙዚየም አስገባት፤ በ2016 ተመለሰች። ተማሪው የሚለው፣ የእጅ ሙያ ይዘው የመጡ ሰዎች ታሪክ በሮቢንሰን አያበቃም ነው። የመጀመሪያዋን አገር በቀል አውሮፕላን የሠራ እጅና የመጨረሻዎቹን አውሮፕላኖች ያቆየ እጅ አንድ ምዕራፍ ላይ መግባት አለባቸው።

11፣ 12፣ 13.

ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ መንገድ ሳተ። አንዷ ስለ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አንስታ፣ ጭጋግ ሲሆን በረራ ተሰርዞ ለቅሶ እንዳመለጣት ጻፈች። ሌላው የትኬቱን ዋጋ አነሳ። ሦስተኛው ፈጽሞ ሌላ ነገር አመጣ። አንድ ጋራዥ መኪናውን ለካንዴላ አስገብቶ ሞተር አውርደው እንደጠበቁት፣ ሲመልሱለትም ሁለት ብሎን በላስቲክ አስረው እንደሰጡት። ስሙን አልጠራም፤ ደግ አደረገ። መካኒክ እያላችሁ የምታሞግሱት እነዚህን ከሆነ ይቅርብኝ ብሎ ዘጋ።

ከርዕስ የወጣ ቢመስልም፣ ይህ የቁጥር 13 ምሬት በኋላ ጠቀመን።

14.

የመድረኩ አንባቢ የሆነ አንድ ሰው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮሰንን አነሳ። ስዊድናዊ ነው። በ1928 የቀይ መስቀልን አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ ያመላልስ ነበር። ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል እንዲያደራጅ ተጠራ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከሮቢንሰን ጋር ተጣላ። ጠቡ እስከ እጅ ደረሰ። ሮቢንሰን ታሰረ፤ ከአየር ኃይሉም ወጣ። ይህን የጻፈው ሰው ሮቢንሰን ግልፍተኛ ነበር፤ እንደ መልአክ አትሳሉት አለ።

15.

ይህን ጊዜ የቁጥር 2 የፒያሳ ልጅ ተመለሰ። ነጭ ከጥቁር ሲጣላ ጥፋተኛው ሁሌ ጥቁሩ ነው ወይ ብሎ ጮኸ። ከዚያ ስድብ ቀላቀለ። ስድቡን እዚህ አልደግመውም። ሦስት አራት ሰው ተከትሎት ገባ።

16.

ጋሼ ቁጥር 1 ናቸው ያበረዱት። ልጆቼ አብሽሩ ብለው መጡ። ሁለቱም ኩሩ ሰዎች ነበሩ፤ ተጣሉ፤ ይህ የሆነ ነገር ነው፤ መደበቅ የለበትም አሉ። ነገር ግን ሮቢንሰን ከጠቡ በኋላ ሻንጣውን ጠቅልሎ አልሄደም። ኮሎኔልነቱ ቀርቶ፣ ሹመቱ ቀርቶ፣ እዚሁ ቆይቶ መብረሩንና ማስተማሩን ቀጠለ። የሞተውም በዚያው ሥራ ላይ ነው። ፎን ሮሰንም ቢሆን ዕድሜው ከገፋ በኋላ ለድርቅ ተጎጂዎች እህል ሊያደርስ ተመልሶ መጥቶ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 በሶማሊያ ጦርነት ጎዴ ላይ ተገደለ። ሁለቱ ባላንጣዎች ሁለቱም ለዚህ አገር ሲሠሩ በዚህ አገር ሞቱ። የማን ሞት ከማን ይበልጣል ብሎ መለካት ነውር ነው አሉ።

የፒያሳው ልጅ ይቅርታ ጠየቀ። ለጋሼ ብቻ ሳይሆን ለቁጥር 14ም ጭምር። ይህን ስላደረገ አከብረዋለሁ።

የኔ አመለካከት ግን ከጋሼ ትንሽ ይለያል። ሮቢንሰን በአገሩ በቀለሙ ምክንያት ከበር የተመለሰ ሰው ነው። ጥቁር ሕዝብ የነገሠበት አገር ብሎ በመጣበት ቦታ ሌላው በላዩ ሲሾም ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም። ግልፍተኛ ነበር ብሎ ማለፍ ያንን መርሳት ነው።

17.

አሁን ወደ ጥያቄዬ የተመለሰ ሰው መጣ። ደሴ የቴክኒክ ሙያ የሚያስተምር መምህር ነው። የቁጥር 13ን ምሬት ይዞ ተነሳ። ሁለት ብሎን በላስቲክ የሚመልስ ልጅ እኛ ያስተማርነው ልጅ ነው አለ። ኪያቤና ካቻቢቴ አያያዝ እናስተምራለን፤ የሰው ሕይወት እጃችሁ ላይ ነው ብለን ግን በደንብ አንነግራቸውም። ስለ ሮቢንሰን ማውራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የጠገነውን ራሱ ይበርበት ነበር። ሥራውን ከሸወደ የሚሞተው እሱ ነው።

18.

አንዲት እናት፣ ልጃቸው መካኒክነት የሚማር፣ ሰፈር ውስጥ ትምህርት ያልገባው ነው ጋራዥ የሚሄደው እየተባለ ልጁ አንገቱን እንደሚደፋ ጻፉ። በእጁ የሚሠራን ሰው መናቅ የቆየ በሽታችን ነው። ቀጥቃጩን ቡዳ ስንል የኖርን ሰዎች ነን። የመካኒኩን ኮሎኔል ፎቶ ለልጃቸው አሳይተውታል። ምን እንዳለ አልጻፉም።

19.

የመምህሩን ሐሳብ ተከትሎ አንዱ ወርክሾፕ በስሙ ይሰየም አለ። ሌላው ተቃወመ። ስም መለጠፍ ቀላል ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሰሌዳው ዝጎ ማንም አያነበውም። የሚሻለው ማስተማሪያ ሞተርና መሣሪያ ማሟላት ነው። ሁለቱ ብዙ ተመላለሱ። እኔ ሁለተኛውን እደግፋለሁ፤ ሰውየው ራሱ በሕይወት ቢኖር ሰሌዳ ይለምናል ብዬ አላስብም።

20.

በመጨረሻ የቀድሞው ቴክኒሽያን ተመልሰው ጥያቄዬን ቀጥታ መለሱ። ፓይለት ወይስ መካኒክ ብሎ መለየት ትክክል አይደለም አሉኝ። በ1936 ሲመጣ ብቻውን አልመጣም። የበረራና የጥገና ባለሙያ የሆኑ ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን አብረውት ነበሩ። የመጡት ሊያስተምሩ ነው። እሳቸው ደብረ ዘይት ሲገቡ ሮቢንሰን ከሞተ ቆይቷል። ግን የሥራው ሥርዓት ከእጅ ወደ እጅ ሲወርድ አግኝተውታል። አንዱን ምሳሌ ነገሩን። የአውሮፕላን ብሎን ራሱ ላይ ቀዳዳ አለው። ከተጠበቀ በኋላ ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው ይገባና ከጎረቤቱ ብሎን ጋር ተገምዶ ይታሰራል። አንዱ ልፈታ ቢል ሌላው ይዞ ያጠብቀዋል። ሽቦው በተቃራኒው አቅጣጫ ከታሰረ ግን ብሎኑ ሲላላ አይዘውም። አለቃቸው በመጀመሪያ ሳምንት የታሰረውን ሁሉ በፒንሳ እየቆረጠ፣ ድገሙት እያለ አስለቅሷቸዋል። እሳቸውም በተራቸው ሌሎችን አስለቅሰዋል።

መምህሩ ቢፈቅድ ደሴ መጥተው ለተማሪዎቹ ያንን ሽቦ አስተሳሰር ለማሳየት ፈቃደኛ ናቸው። ክፍያ አልጠየቁም፤ ትራንስፖርት ብቻ።

21.

መምህሩ በደስታ ተቀበለ። ቀኑን መጋቢት 18 እናድርገው አለ። የጋሼ ታሪክ ንግግር ከሽቦው በፊት ይሁን ወይስ በኋላ በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማሙም። የቁጥር 13 ሰውዬ እኔም ልምጣ ወይ ብሎ ጠይቋል፤ ብሎኖቹን ይዞ እንዲመጣ ተነግሮታል።